ኮምፒውተራችሁ «ልግባ?» ሲላችሁ፦ የፈቃድ ጥያቄዎችን አንብቦ የመመለስ መመሪያ

እህቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አላት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስካነር። ከሉማሜ፣ ከአማኑኤል፣ ከደብረ ወርቅ የሚመጣ ሰው ጉዳዩን እዚያ ይጨርሳል። የመሬት ይዞታ ደብተሩን ኮፒ ያስደርጋል። የልጁን የትምህርት ማስረጃ ስካን ያስደርጋል። ማመልከቻ ያስጽፋል።

አንድ ቀን ደወለችልኝ። «ኮምፒውተሩ የሆነ ነገር እየጠየቀኝ ነው። የስ ልበለው?»

«ምን ብሎ ነው የጠየቀሽ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። የስ እና ኖ ይላል። ሰው ተሰልፎብኛል፣ ቶሎ በለኝ።»

እኔ መልስ ሳልሰጣት የስ ብላው ኖሯል። በማግስቱ እዚያ ማሽን ላይ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ፎልደሩ ወደ ሾርትከት እየተቀየረ አስቸገረ። የሰው ሰነድ የሞላበት ኮምፒውተር ነው። እስኪጸዳ ድረስ ሁለት ቀን ሥራ ቆመ። አልተቆጣኋትም። ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጥያቄውን ትተን በተኑን እናነባለን።

ከዚያ ወዲህ አብረን ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየናቸው። የትኛው መልእክት ምን ማለት እንደሆነ፣ የቱ ጋ የስ፣ የቱ ጋ ኖ እንደሚባል። ከዚህ በታች ያለው ያኔ የተነጋገርነው ነው። በብዛት የምናገረው ስለ ዊንዶውስ ነው፤ በእኛ አካባቢ ያለው ኮምፒውተር አብዛኛው እሱ ነውና። ማክ ላላችሁም ወደ መጨረሻው ጥቂት ብያለሁ።

መጀመሪያ «ማን ልበል?»

ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። እንግዳ ዝም ብሎ ዘው አይልም። አጥሩ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ማን ልበል?» ይባላል። ስሙን ይናገራል። ለምን እንደመጣ ይናገራል። ውሻው ይያዝና በሩ ይከፈታል።

የፈቃድ መልእክትም «ቤቶች!» ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውም መልእክት ሲመጣ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሡና ሦስት ነገር ጠይቁ።

1. ማነው? የፕሮግራሙ ወይም የድረ ገጹ ስም መልእክቱ ላይ ተጽፏል። ስሙን አነበባችሁት?

2. ምን ፈለገ? ካሜራ ነው? ማይክ ነው? ያላችሁበትን ቦታ ነው? ፋይላችሁን ነው? ወይስ ኮምፒውተሩን እንዳሻው መቀየር ነው?

3. አሁን ምን እያደረግሁ ነበር? ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ዙም ከፍታችሁ ስብሰባ ልትገቡ ስትሉ ዙም ማይክ ቢጠይቅ ያስኬዳል። ሥራውን ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ። ምንም ሳትነኩ፣ ደብዳቤ እየጻፋችሁ ሳለ የመጣ ጥያቄ ግን ሌላ ነገር ነው። አበው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካልተመለሰላችሁ ኖ በሉ። ኖ ማለት ምንም አይጎዳም። ፕሮግራሙ በእርግጥ የሚያስፈልገው ከሆነ ሥራው ይቆምና ምክንያቱ ይገባችኋል። ያኔ ሄዳችሁ ትፈቅዳላችሁ። የተሰጠን ፈቃድ በኋላ መንጠቅ ይቻላል፤ እስከዚያ ድረስ የተወሰደውን ፎቶ፣ ድምፅ ወይም ፋይል ማስመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ ኖ ብሎ መጀመር ይሻላል።

ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ የሚመጣው ጥያቄ

እህቴን ያጋጠማት ይህ ነው። ስክሪኑ በሙሉ ይጨልምና መሐል ላይ አንድ ሳጥን ይወጣል። በአማርኛ ሲፈታ «ይህ አፕ በኮምፒውተርህ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ?» ነው የሚለው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው።

የሚጨልመው ለማስፈራራት አይደለም። በዚያ ሰዓት ዊንዶውስ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ከስክሪኑ ያገልላቸዋል። አንድ ክፉ ፕሮግራም በእናንተ ስም «የስ»ን እንዳይጫን ነው። ስለዚህ ያ ሳጥን የሚጠብቀው የእናንተን እጅ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ከግል ምስጢር ጋር አያገናኘውም። እኔ ግን ከሁሉም ፈቃዶች የከበደው ይህ ነው እላለሁ። ካሜራ ስትፈቅዱ የፈቀዳችሁት ካሜራ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የስ ስትሉ ግን የቤቱን ቁልፍ በሙሉ ነው የሰጣችሁት። ያ ፕሮግራም ሌሎች ፕሮግራሞችን መጫን ይችላል። የማንኛውንም ተጠቃሚ ፋይል መክፈት ይችላል። ሌሎቹን መከላከያዎች ማጥፋትም ይችላል።

ሳጥኑ ላይ የምታዩት እንዲህ ነው። ከላይ የፕሮግራሙ ስም አለ። ከሥሩ «ፐብሊሸር» የሚል አለ፤ የሠራው ድርጅት ማለት ነው። «ቬሪፋይድ» ብሎ የድርጅቱን ስም ካስቀመጠ የፕሮግራሙ ባለቤት ታውቋል። «አንኖውን» ካለ ባለቤቱ አልታወቀም፤ ሳጥኑም ቢጫ ቀለም ይይዛል። ባለቤቱ ያልታወቀ ሁሉ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ግን እናንተ ራሳችሁ ካላወረዳችሁት፣ እናንተ ራሳችሁ ካልከፈታችሁት፣ ኖ ነው።

በተለይ ለኮፒ ቤት ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወረቀት ለማተም ይህ ሳጥን አይመጣም። ደንበኛ ፍላሽ ሰጥቷችሁ «ሲቪ» የሚል ፋይል ስትከፍቱ ስክሪኑ ከጨለመ የከፈታችሁት ሲቪ አይደለም። ፎቶ፣ የዎርድ ፋይል፣ ፒዲኤፍ ሲከፈት ኮምፒውተሩን ልቀይር ብሎ አይጠይቅም። ኖ በሉና ፍላሹን አውጡ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሰማያዊ መስኮት አለ። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ፕሮግራም ስትከፍቱ «ዊንዶውስ ኮምፒውተርህን ጠብቆልሃል» የሚል ነው። ፊት ለፊት የሚታየው «ዶንት ራን» የሚል በተን ብቻ ነው። «ሞር ኢንፎ» የሚለውን ስትጫኑ «ራን ኤኒዌይ» ብቅ ይላል። ትርጉሙ «ይህን ፕሮግራም አላውቀውም» ነው። ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ፕሮግራም፣ እዚሁ አገር ተሠርቶ ያልተፈረመ የሒሳብ ሶፍትዌርም ይህን ሊያመጣ ይችላል። ከሠራው ሰው በእጃችሁ ከተቀበላችሁ ቀጥሉ። ከቴሌግራም ቻናል ያወረዳችሁት ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም፣ ከሆነ ግን አትለፉ። «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል መመሪያ አብሮት ከመጣማ ጥያቄም የለው።

ከዎርድ ጋር የሚመጣ ቢጫ መስመርም አለ። «ኢነብል ኤዲቲንግ» የሚለው ፋይሉን ማረም እንድትችሉ ነው፤ ለሥራ ያስፈልጋል። «ኢነብል ኮንቴንት» የሚለው ግን ፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ እንዲሠራ መፍቀድ ነው። ለማመልከቻና ለሲቪ በፍጹም አያስፈልግም። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ሁለቱንም ይጫናል። ለዩዋቸው።

ካሜራና ማይክ፦ የማይጠይቁትን እንዴት እናውቃለን?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና።

ስልክ ላይ የለመድነው ነገር አለ። እያንዳንዱ አፕ ካሜራ ሲፈልግ ይጠይቃል። ኮምፒውተርም እንደዚያ ይመስለናል። ዊንዶውስ ላይ ግን ነገሩ በሁለት ይከፈላል። ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚወርዱ አፖች ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ወይም ማይክ ሲፈልጉ ይጠይቃሉ። ከድረ ገጽ ወርደው በራሳቸው የሚጫኑት የቆየው ዓይነት ፕሮግራሞች፣ የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚባሉት፣ ግን በአብዛኛው አይጠይቁም። አንድ ጊዜ ከተጫኑ ገብተዋል። እነዚህ «ቤቶች!» ሳይሉ በጓሮ በር የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ መልእክት አልመጣም ማለት ማንም አልገባም ማለት አይደለም። ራሳችሁ ሄዳችሁ ማየት አለባችሁ።

እንዲህ አድርጉ።

1. ኪቦርድ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «አይ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫኑ። ሴቲንግ ይከፈታል።

2. ዊንዶውስ 11 ከሆነ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»ን፣ ዊንዶውስ 10 ከሆነ «ፕራይቬሲ»ን ክፈቱ።

3. ወደ ታች ስትወርዱ «አፕ ፐርሚሽን» የሚል ርዕስ ታገኛላችሁ። ከሥሩ ሎኬሽን፣ ካሜራ፣ ማይክሮፎን እያለ ይዘረዝራል። ካሜራን ክፈቱ።

4. ከላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ዋናው ነው። እሱን ካጠፋችሁት ለሁሉም ይዘጋል። ቀጥሎ ስም በስም የተዘረዘሩት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማጥፊያ አላቸው። የማታውቁትን አጥፉ። የማትጠቀሙበትንም አጥፉ።

5. አሁን እስከ ታች ውረዱ። «ሌት ዴስክቶፕ አፕስ አክሰስ ዩር ካሜራ» የሚል አለ። የጓሮ በሩ ይህ ነው። ከሥሩ የፕሮግራሞች ስም አለ፤ ካሜራውን ለመጨረሻ ጊዜ የነኩበት ቀንና ሰዓትም ተጽፏል። ለሁሉም ያለው ማጥፊያ ግን አንድ ብቻ ነው። ዙምን ትቶ ሌላውን መዝጋት እዚህ አይቻልም።

6. ያን ቀንና ሰዓት አንብቡ። እናንተ ተኝታችሁ በነበረበት ሰዓት ካሜራ የነካ ፕሮግራም ካለ ማንነቱን አጣሩ። የማታውቁት ከሆነ ከኮምፒውተሩ አራግፉት።

7. ተመልሳችሁ ማይክሮፎን ላይ እንደዚሁ አድርጉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም አንድ ነገር ይቀራል። ማይክሮሶፍት ራሱ እንደሚገልጸው አንዳንድ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ይህን ማጥፊያ አልፈው ካሜራ ሊጠቀሙ ይችላሉ። በተለይ የራሱን ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን በቀጥታ የሚያዝ ፕሮግራም፣ የሚጭን ከሆነ። ስለዚህ ለካሜራ ከሁሉ የሚታመነው በእጅ የሚሠራው ነው። በገመድ የሚሰካ ካሜራ ከሆነ ንቀሉት። ላፕቶፕ ከሆነ የራሱ መዝጊያ ካለው ዝጉት፤ ከሌለው ትንሽ ወረቀት ለጥፉበት። ወፍራም ነገር አትለጥፉ፤ ላፕቶፑ ሲዘጋ ስክሪኑን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ማይክ በወረቀት አይሸፈንም። ለእሱ ሰዓቱ አጠገብ ያለውን ጥግ ተመልከቱ። ማይክ ሥራ ላይ ሲሆን ትንሽ የማይክ ምልክት እዚያ ትወጣለች። ማውሱን ስታስጠጉባት የትኛው ፕሮግራም እየተጠቀመ እንደሆነ ስሙን ትነግራችኋለች። ዓይናችሁን እሷን አስለምዱት።

ቦታ ስለመጠየቅ

«ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጂፒኤስ የለው፣ የት እንዳለሁ እንዴት ያውቃል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዙሪያችሁ ያሉትን የዋይፋይ መሣሪያዎች አይቶ ይገምታል። ለዚህ ነው ዊንዶውስ 11 በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ዕትም ላይ የዋይፋይ ዝርዝር ለማየት የሚፈልግን ፕሮግራም እንደ ቦታ ጠያቂ መቁጠር የጀመረው። አንድ ፕሮግራም ቦታ ጠየቀ ብሎ ቢነግራችሁ አትደንግጡ፤ ዋይፋይ ሊቃኝ ፈልጎም ሊሆን ይችላል። ከካርታ ውጭ ላለው ፕሮግራም በአብዛኛው ኖ ብትሉት ምንም አይጎድልባችሁም።

ብሮውዘር ውስጥ የሚመጣው

ክሮምም ሆነ ሌላው ብሮውዘር ራሱ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ እሱን አንድ ጊዜ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ በር ጠባቂው ብሮውዘሩ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ካሜራ፣ ማይክ፣ ቦታ ወይም ማሳወቂያ ሲፈልግ ከላይ በግራ በኩል ትንሽ ሳጥን ይወጣል።

እዚያ ሳጥን ላይ መጀመሪያ የሚታየው የድረ ገጹ አድራሻ ነው። እሱን ፊደል በፊደል አንብቡት። ለካሜራና ለማይክ ክሮም ሦስት ምርጫ ይሰጣል። ገጹን በከፈታችሁ ቁጥር መፍቀድ፣ ለዚህ ጊዜ ብቻ መፍቀድ፣ አለመፍቀድ። መካከለኛውን ልመዱ። ስብሰባው ሲያልቅ ፈቃዱም ያልቃል። ኔት ቤት ወይም የሰው ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ከመካከለኛው ሌላ አትምረጡ። ፈቃዱ የሚቀረው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ከእናንተ ቀጥሎ ለሚቀመጠው ሰው ትታችሁለት እንዳትሄዱ።

የማሳወቂያው ጉዳይ ግን ሆዴን ያቃጥለዋል። ኖቲፊኬሽን ልላክልህ ወይ የሚለው ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ ራሴም ተይዤበታለሁ። የምፈልገውን ፋይል ላወርድ ስል ገጹ «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላውን ተጫን» አለኝ። ተጫንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስክሪኔ ጥግ «ኮምፒውተርህ ውስጥ 5 ቫይረስ ተገኝቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይዘንብ ጀመር። ቫይረስ መስሎኝ ሌሊቱን ስቃኝ አደርኩ። የተገኘ ቫይረስ አልነበረም። እኔው የፈቀድኩለት ድረ ገጽ ነበር ማስታወቂያ የሚልክልኝ።

ሮቦት አለመሆንን የሚያረጋግጥ ገጽ የማሳወቂያ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሁለቱ አይገናኙም። እንደ እኔ የሆነባችሁ ካላችሁ እንዲህ አጥፉት። ክሮም ላይ በቀኝ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ። «ሴቲንግስ» ግቡ። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ»። የተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር ይመጣል። የማታውቁት አድራሻ አጠገብ ያሉትን ነጥቦች ተጫኑና «ብሎክ» በሉት። እዚያው ገጽ ላይ ድረ ገጾች ከናካቴው እንዳይጠይቁ ማድረግም ትችላላችሁ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ተገላገልኩ።

ፋየርዎል ሲጠይቅ

ፋየርዎል የኮምፒውተራችሁን የኔትወርክ ግንኙነት የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። አዲስ ፕሮግራም ስትከፍቱ «ዊንዶውስ ፋየርዎል የዚህን አፕ አንዳንድ ነገር ከልክሏል» የሚል መስኮት ይመጣል። ጌም፣ ፋይል ማስተላለፊያ፣ ፕሪንተር ማጋሪያ ላይ የተለመደ ነው። የሚጠይቀው ከውጭ ወደ እናንተ ኮምፒውተር የሚመጣ ግንኙነት ይፈቀድ ወይ ብሎ ነው። ስለዚህ «ካንስል» ብትሉት ኢንተርኔታችሁ አይቋረጥም፤ ፕሮግራሙም ከእናንተ ወደ ውጭ መገናኘቱን አይተውም።

መስኮቱ ላይ «ፕራይቬት» እና «ፐብሊክ» የሚል ምርጫ ልታዩ ትችላላችሁ። ፕራይቬት የቤታችሁ ወይም የሱቃችሁ ኔትወርክ ነው። ፐብሊክ የሆቴል፣ የዩኒቨርሲቲ፣ የካፌ ዋይፋይ ነው። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ካፌ ተቀምጣችሁ ፐብሊክን ብትፈቅዱ በዚያ ዋይፋይ ላይ ያለ ማንም ሰው ያን ፕሮግራም ሊያናግረው ይችላል። ሁለቱን ኮምፒውተር አገናኝታችሁ በአንድ ፕሪንተር የምትሠሩ ከሆነ ፕራይቬቱን ብቻ ፍቀዱ።

ማክ ላላችሁ

ማክ ከዊንዶውስ ይልቅ ጠያቂ ነው። ካሜራና ማይክን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ስክሪን መቅረጽንና የዴስክቶፕ፣ የዶክመንት፣ የዳውንሎድ ፎልደሮችን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከየትም የመጣ ፕሮግራም ቢሆን ያስጠይቀዋል። መልእክቱ ላይ በትንሹ የተጻፈ ምክንያት አለ። ያን ምክንያት የጻፈው አፕል አይደለም፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ነው። ስለዚህ እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ጠያቂው ቃል አንብቡት።

ሁለቱ ይከብዳሉ። «አክሰሲቢሊቲ» የተሰጠው ፕሮግራም በእናንተ ፈንታ ማውስና ኪቦርድ ማንቀሳቀስ ይችላል። «ፉል ዲስክ አክሰስ» ደግሞ ፋይሉን ሁሉ ያሳያል። ይህ ሁለተኛው በአንድ የ«አላው» ጠቅታ የሚሰጥ አይደለም፤ ሴቲንግ ገብታችሁ በእጃችሁ ነው የምትሰጡት። አንቲቫይረስና ባክአፕ ይፈልጉታል። ሌላ የሚፈልግ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ከላይ በስክሪኑ ጥግ ብርቱካናማ ነጥብ ካያችሁ ማይክ ክፍት ነው።

ግዕዝ ፊደል የምንጽፍ ሰዎች

ይህ የእኛው ጉዳይ ነው። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የምትነኩትን ቁልፍ ሁሉ ማየት አለበት፤ ካላየ ፊደሉን አይለውጠውም። ይህ ማለት ፓስወርድ ስትጽፉም ሊያይ የሚችል ቦታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ከየፍላሹ የሚገለበጥ መጻፊያ አትጫኑ። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ ጨምሩ የሚለው ጋ ገብታችሁ አማርኛን ስትመርጡ ይመጣል። እሱ ካልተመቻችሁ ኪማን የሚባለውን ከራሱ ድረ ገጽ በነፃ አውርዱ።

ስልክ ይዞ የሚያዛችሁ ሰው

አንድ ሰው ይደውላል። «ከባንክ ነው» ወይም «ከቴሌብር ነው» ይላል። ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር አውርዱ ይላል። እነዚህ ለርቀት ጥገና የተሠሩ ሕጋዊ ፕሮግራሞች ናቸው፤ እኔም የእህቴን ኮምፒውተር በእነሱ ጠግኜ አውቃለሁ። ችግሩ ስክሪናችሁ ላይ «አክሰፕት» የሚለው ሲመጣ ሰውዬው «ተጫኑት» ማለቱ ነው። ያን ከተጫናችሁ የምታዩትን ያያል፣ ማውሳችሁን ያንቀሳቅሳል።

ራሳችሁ ያልደወላችሁለት ሰው የትኛውን በተን እንደምትጫኑ ከነገራችሁ ስልኩን ዝጉት። ተጭናችሁ ከሆነ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ንቀሉ። ከዚያ ፕሮግራሙን አራግፉ። ፓስወርዳችሁን ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ቀይሩ። ባንካችሁ በአካል ሂዱ።

ብዙ እጅ የሚነካው ኮምፒውተር

ኮፒ ቤት፣ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት ያላችሁ ይህን አትለፉ። ለእህቴ ካደረግሁት ሁሉ በጣም የጠቀማት ይህ ነው። ሁለት አካውንት አደረግንላት። አንዱ የባለቤቱ ነው፤ ፓስወርድ አለው፤ ፕሮግራም የሚጫነው በእሱ ነው። ሌላው የሥራ ነው፤ ረዳቷም እሷም ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። መጀመሪያ አሁን ባለው አካውንት ላይ ፓስወርድ አድርጉ። ሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ» ግቡ። ዊንዶውስ 11 ላይ «አዘር ዩዘርስ» የሚለውን ክፈቱና አዲስ አካውንት ጨምሩ። ኢሜይል ሲጠይቃችሁ የዚህን ሰው መረጃ አላውቅም የሚለውን፣ ቀጥሎ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር የሚለውን ምረጡ። ስም ስጡት። አዲሱ አካውንት «ስታንዳርድ» ሆኖ ነው የሚፈጠረው፤ እንደዚያው ተዉት።

ከዚያ በኋላ ያ ስክሪን የሚያጨልም ሳጥን ሲመጣ የስ እና ኖ ብቻ አይልም። ፓስወርድ ይጠይቃል። ረዳቱ ቸኩሎ የስ ማለት አይችልም። ሰልፍ ቢኖርም ባይኖርም ሁለት ደቂቃ ያስባል።

የተቀመጠው የሰው ሰነድ መሆኑንም አትርሱ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የሰው የግል መረጃ በዘፈቀደ እንዳይያዝና እንዳይሰጥ የሚጠብቅ ሕግ ነው። ሕጉ ባይኖርስ? የቢቸናው ገበሬ የይዞታ ደብተሩን ስካን አስደርጎ ሲሄድ ያመናችሁ እናንተን ነው። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ከዴስክቶፑ አጥፉ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የማይክሮሶፍት መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽናችሁ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ አሳድጉት። የማይችል ከሆነ ብሮውዘሩን ሳታሳድጉ አትቆዩ፤ የደንበኛ ፍላሽም ሳይቃኝ አይከፈት።

ባለፈው ሰሞን እህቴ እንደገና ደወለች። የገበያ ቀን ነው፤ ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማኛል።

«ፓስወርድ እየጠየቀኝ ነው» አለች። «ማነው ስለው ስሙ ቁጥርና ፊደል የተደባለቀ ነው። ፐብሊሸር አንኖውን ይላል። እኔ የከፈትኩት የልጁን ሲቪ ነው።»

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«ኖ ብየው ፍላሹን መለስኩለት። ፋይሉን በቴሌግራም ላከልኝ፣ በፒዲኤፍ። አሁን እያተምኩለት ነው። የደወልኩት ፍላሹን እንዴት እንደሚያጸዳ እንድትነግረው ነው፤ አቅርቤዋለሁ፣ አናግረው።»